ቶኪዮ ላይ የፎቶ ካሜራ ፊልም ገዝቼ እዛው አሳጠብኩ፣ እንዴት ነበር ላላችሁኝ

ፎቶዎቹን ኢንስታ ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ «ፊልም አሁንም ይሸጣል እንዴ?» «የት አሳጠብሽው?» የሚል ሜሴጅ በዝቶብኛል፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለስልጠና ሦስት ሳምንት ቶኪዮ ነበርኩ። ካሜራው የአባባ ዜኒት ነው፣ ሶቭየት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው፣ በእድሜ ይበልጠኛል። እዚህ አዲስ አበባ ፊልም ፍለጋ መዞር ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ ቢገኝም ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሆነው፣ ሻጩ ደግሞ «ፊልም ምን ይሆናል ብለሽ ነው» ይላል፣ ይሆናል እንጂ፣ ቀለሙ ሄዶ ሁሉ ነገር ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ስለዚህ አንድም ጥቅል ሳልይዝ ባዶ ካሜራ አንጠልጥዬ ሄድኩ፣ እዛው ገዝቼ እዛው አሳጥቤ ልመጣ።

መጀመሪያ ስለ ካሜራው ትንሽ፣ ምክንያቱም የትኛውን ፊልም እንደምትገዙ የሚወስነው እሱ ነው። ዜኒት ኢ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም፣ የብርሃን መለኪያው ሴሌኒየም ስለሆነ ብርሃን ሲነካው በራሱ ይሰራል፣ የኛው መርፌ እስከዛሬ ትነቃነቃለች። ችግሩ ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ከ1/500 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ በትንሽ ብርሃንም ያነሳል ማለት ነው) አስገብታችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ሌንሱን እስከ ጥግ፣ ኤፍ 16 ድረስ ጠርቅማችሁ ነው ለጥቂት የምታመልጡት፣ ያኔ ከኋላ ያለው ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ካሜራው ላይ ያለውን ሄሊዮስ የሚባል ሌንስ ደግሞ ሰው የሚወደው ለዛች ሽክርክር ለምትል የደበዘዘች ጀርባው ነው። በቃ ለቀን 200፣ ለማታና ለቤት ውስጥ 400 ብዬ ወሰንኩ። ክብደቱን አትጠይቁኝ፣ ከሌንሱ ጋር ኪሎ ይጠጋል፣ ባቡር ላይ ሰው ደረት ላይ ላለማሳረፍ ስጠነቀቅ ነው የከረምኩት።

ፊልሙን የገዛሁት ሺንጁኩ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ካለው ዮዶባሺ ካሜራ ከሚባል ሱቅ ነው። የሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው ይባላል፣ እኔ በሁሉም የወጣሁ ነው የሚመስለኝ፣ እናንተ ምዕራብ መውጫ የሚለውን ብቻ ተከተሉ። ሱቁ አንድ ሳይሆን ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ህንፃዎች ነው፣ ካሜራ የራሱ ህንፃ አለው። ውስጥ ስትገቡ የሱቁ መዝሙር ሳያቋርጥ ይለቀቃል፣ ዜማው ያ የአሜሪካኖች የድሮ የሃሌሉያ መዝሙር ነው፣ መጀመሪያ ምን አይነት መንፈሳዊ ሱቅ ነው ብዬ ነበር፣ አንዱ የስልጠና ጓደኛችን ሲተረጉምልኝ ለካ ግጥሙ የትኛው ባቡር በየት እንደሚያልፍና ሱቁ የቱ ጋ እንዳለ ነው የሚናገረው። አቅጣጫ በመዝሙር። መርካቶም ቢጀመር እኮ ስንቱ ከመጥፋት ይድን ነበር።

ፊልሙ መደርደሪያ ላይ አይደለም፣ እንደ ለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ሳይ ልቤ ቀለጠ፣ ፊልም ሙቀት ጠላቱ ነው፣ እዚህ ግን በመስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ነው የምናገኘው። ኮዳክ ጎልድ 200፣ ኡልትራማክስ፣ ፖርትራ፣ ኢልፎርድ፣ ፉጂ ሁሉም አለ፣ አንዳንዱ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል ስለዚህ ለዘመድ አዝማድ ካርቶን ሙሉ እጭናለሁ ብላችሁ አታስቡ። ዋጋው ጃፓን ነው ብላችሁ እንደምትገምቱት ርካሽ አይደለም፣ ያ ዘመን አልፏል፣ ፖርትራን አንስቼ ዋጋዋን አየሁና ቀስ ብዬ መለስኳት። ያሳቀኝ ደግሞ ፉጂ 400 ነው፣ ጃፓን ድረስ መጥቼ የጃፓን ፊልም ገዛሁ ብዬ ሆቴል ገብቼ ካርቶኑን ሳነበው አሜሪካ ተሰራ ይላል።

አንድ የታክስ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ብዙ ቱሪስት ይሸወዳል። ከታክስ በፊት 5000 የን ከሞላችሁ ፓስፖርት አሳይታችሁ 10 ፐርሰንቱን ትተርፋላችሁ፣ ግን ፊልም የሚያልቅ እቃ ተብሎ ስለሚቆጠር በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ነው የሚሰጡት፣ ከጃፓን ሳትወጡ መክፈት አይቻልም። እኔ ለሁለት ከፈልኩት፣ እዛ የማነሳበትን ታክስ ከፍዬ፣ ወደ ቤት የምወስደውን በታክስ ፍሪ። ይሄ አሰራር ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ ይቀየራል፣ ሙሉውን ከፍላችሁ ስትወጡ ነው ታክሱ የሚመለስላችሁ።

አሁን ወደ ማሳጠቡ። ፊልም ማጠብ በጃፓንኛ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ገንዞ»! የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ጥቅሉን ተቀብለው «ገንዞ?» ሲሉኝ ድንግጥ አልኩ፣ ማንን ነው የሚገንዙት። ስሙን አልጠራውም ምክንያቱም የማማርረውም ነገር አለኝ፣ ቶኪዮ ካረፍኩበት ሰፈር ጣቢያ አጠገብ ያለ ትንሽ ፎቶ ቤት ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ እንግሊዝኛ የለም፣ በምልክትና በስልክ ትራንስሌተር ነው የተግባባነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሰጠኋቸው፣ ወረቀት ላይ ሰዓት ጽፈው ሰጡኝ፣ 11 ተኩል ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ። ዋጋው ማጠቢያው ብቻ 1000 የን ገደማ፣ ስካን፣ ማለትም ወደ ፋይል መቀየሩ፣ ለብቻው ይጨመራል። ኔጋቲቩ፣ የታጠበው ፊልም ራሱ ማለት ነው፣ ስድስት ስድስት ፖዝ ሆኖ ተቆርጦ በላስቲክ ገብቶ ተመለሰልኝ፣ ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ሰፈሯ ላለ ፊልም ለማጠብ ለሚቀበል ፋርማሲ ሰጥታ ስካኑን ብቻ ነው ያገኘችው፣ ኔጋቲቩን አስወግደውታል። ስለዚህ የትም ሀገር ሁኑ ከመስጠታችሁ በፊት ኔጋቲቩ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ኔጋቲቭ ከሌለ ፎቶ የለም ማለት ነው፣ ስካን ነገ በተሻለ ማሽን እንደገና ይሰራል።

«ሰው ሀገር የማላውቀው ፎቶ ቤት ያበላሽብኛል» ለምትሉ፣ የቀለም ኔጋቲቭ አጠባው በመላው አለም አንድ ነው፣ ሲ-41 ይባላል፣ ኮዳክም ይሁን ፉጂ ማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ 38 ዲግሪ ገደማ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው የሚቆየው፣ ማሽኑ ነው የሚሰራው። ሰው በሰው የሚለያየው ስካኑ ላይ ነው፣ የኔም ቅሬታ እዛ ላይ ነው። ፋይሉ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ለስልክ ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይሆንም። የማታ ፎቶዎቼን ደግሞ ማሽኑ በራሱ አብርቶብኛል፣ ዝናብ ሲዘንብ ያነሳሁት ጠባብ መንገድ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ሰማይ እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ ሳየው ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የስካኑ ነው። ሁለተኛውን ጥቅል ስወስድ በትራንስሌተር «እባክዎ አያብሩት» ብዬ አሳየኋቸው፣ ሳቁና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ብዙም አይደለም።

ጥቁርና ነጭ ላይ ግን ተበላሁ። አንድ ኤችፒ5፣ የኢልፎርድ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ አንስቼ ነበር፣ ስሰጣቸው ካላንደር አውጥተው ቀን ይቆጥሩ ጀመር፣ አስር ቀን። ለካ እዛው የሚያጥበው ማሽን ለቀለም ብቻ ነው፣ ጥቁርና ነጩም ስላይዱም ሌላ ቦታ ተልኮ ነው የሚመጣው፣ እኔ ደግሞ የቀረኝ ስድስት ቀን። ጥቁርና ነጭ ከወደዳችሁና ጊዜ ከሌላችሁ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ግዙ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ አጠባው ግን የቀለሙ ሲ-41 ነው፣ የትኛውም ሚኒላብ (እዛው የሚያጥብ ማሽን ያለው ፎቶ ቤት) በሰዓታት ውስጥ ይሰራዋል። ይሄን ሳልሄድ የነገረኝ ሰው ቢኖር።

እዛው አሳጥቤ ካልሆነ አልመለስም ያልኩበትን ምክንያት ደግሞ ልንገራችሁ። ባለፈው ጉዞዬ ከሌላ አህጉር ስመለስ አንድ ኤርፖርት ላይ በእጅ ፈትሹልኝ ብዬ ለመንኩ፣ ሰራተኛው «ምንም አይሆንም» ብሎ አራቱንም ጥቅል በአዲሱ ሲቲ ስካነር ከተተው። ሁሉም ጉም ለብሶ ወጣ፣ ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፣ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ አንዱ ጥቅል ውስጥ የእናቴ 60ኛ አመት ልደት ነበረበት። በድሮው ኤክስሬይ ከ800 በታች የሆነ ፊልም አንዴ ሁለቴ ቢያልፍ ብዙም አይጎዳም፣ ሲቲው ግን ሻንጣውን ከየአቅጣጫው እየዞረ ስለሚያነሳው ጨረሩ ይበዛል፣ ኮዳክ ራሱ አንዴም አታሳልፉት ነው የሚለው። ቼክ ኢን የሚገባ ሻንጣ ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም፣ እሱ የባሰ ነው። አንዴ የታጠበ ፊልም ግን ጨረር ምንም አያደርገውም፣ አስሬ ቢያልፍ አስሬ። ናሪታ ላይ ያልታጠበችውን ኤችፒ5 እና የታሸገውን አዲስ ፊልም በሚያሳይ ላስቲክ አድርጌ «ሃንድ ቼኩ ኦኔጋይሺማስ»፣ እባክሽ በእጅ ፈትሺልኝ፣ አልኩ፣ ልጅቷ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም፣ በሁለት እጇ ተቀብላ አየት አድርጋ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ከሲም ካርድ በፊት ይቺን ሀረግ አጥኑ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለዮዶባሺ ከ10 ዘጠኝ ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት ለፖርትራዋ ዋጋ ነው። ለፎቶ ቤቱ ማጠብ 9፣ ስካን 5። ኔጋቲቩን እዚህ ላይት ቦክስ (ከስር የሚያበራ ሳጥን) ላይ በካሜራ ደግሜ እያነሳሁት ነው፣ ያቺ የዝናቧ ፎቶ ሰማይዋ ተመልሷል።

አባባ ኔጋቲቩን በመስኮቱ ብርሃን ገጥሞ አንድ በአንድ አየው፣ ስለ ቶኪዮ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ «ስንት ፖዝ ተበላሸ?» አለ። ከ72 ሰባት አልኩት። «ሹተሯ ደህና ናት ማለት ነው» ብሎ ከታሸገው አንዱን ፊልም ወሰደብኝ፣ አሁን ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን ተቀምጧል፣ ለማን እንደሆነ አልነገረኝም።