ለእማዬ ወገብ የገዛሁት ስማርት ባንድ፣ የወደድኩትና ያናደደኝ

እናት አባታችሁ "ወገቤን ወገቤን" የሚሉባችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ማመም ከጀመራት ቆየ፣ ሐኪሙም ፊዚዮቴራፒስቷም የሚሏት ያው አትተኚ ተንቀሳቀሺ ነው፣ እሷ ደግሞ "ወገቡን የታመመ ሰው አርፎ ይቀመጣል እንጂ ምን ያዞረዋል" ባይ ናት። እጅ ላይ የሚታሰረውን እርምጃ የሚቆጥር ባንድ እዚሁ ባህር ዳር ከሞባይል ሱቅ ገዛሁላት። ብራንዱን ተዉት፣ በየሱቁ የተደረደሩት ተመሳሳይ ናቸው፣ ዋጋውንም ዛሬ ብጽፈው ነገ ይቀየራል።

ብሩን የከፈልኩት ለአንድ ነገር ነው ብል ይቀለኛል፦ ብዙ ከተቀመጠች እጇ ላይ እንደ ስልክ ንዝረት ይነዝራታል። እኔ "እማዬ ተነሽ እንጂ" ስላት ትቆጣለች፣ ባንዱ ሲነዝራት ግን "ይሄ ደሞ ጀመረው" እያለች ተነስታ ግቢውን ትዞራለች፣ ከሱ ጋር አትጨቃጨቅማ። አሁን ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በዘንባባው ጥላ ጥላውን ይዛ እስከ ጣና ዳር ትሄዳለች፣ ስትደክም አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ትመለሳለች። ከተማው ሜዳ መሆኑም በጀን፣ ጎንደር ብንሆን ያን ዳገት ማን ይወጣዋል።

ቆጠራውን ግን ብዙ አትመኑት። ሴንሰሩ የሚያየው የእጅን እንቅስቃሴ ነው፣ እግርን አይደለም፣ ባንዱ ባለበት እጇ ጃንጥላ ይዛ ከሄደች ግማሹን ይውጠዋል። አንድ ቀን ደግሞ ከቤት ሳትወጣ 3 ሺህ ምናምን አሳየኝ፣ ለካ ቁጭ ብላ ገብስ ስታንገዋልል ነው የዋለችው፣ ሰፌዱ በተወዘወዘ ቁጥር እርምጃ እየመሰለው! ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቆማ ሳለችም ብዙ ተቀመጥሽ ተነሽ ብሎ ነዘራት። ከዛ ወዲህ ቤተክርስቲያን ስትሄድ አውልቃ ነው የምትሄደው።

የሱቁ ልጅ "ማዘር በቀን 10 ሺህ መሙላት አለባቸው" ብሎኝ ነበር። ይሄ ቁጥር ከሕክምና የመጣ አይደለም እኮ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ እርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጡ ያወጡት ስም ነው። ስልክ ላይ ያለው የባንዱ አፕ ላይ ገብታችሁ ዝቅ አድርጉት፣ እኛ ከ2 ሺህ ነው የጀመርነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የሚያጠነክር ስፖርት በሳምንት 3 ቀን። ያንን ባንዱ አያውቀውም፣ እማዬ ወንበር ተደግፋ በአንድ እግሯ ስትቆም ለሱ ዝም ብላ እንደተቀመጠች ነው።

ልጁ ከባንዱ ጋር ወገብ ቀጥ የሚያደርገውን ቀበቶም ውሰድ እያለ ሲያግባባኝ ነበር፣ አልወሰድኩም። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ስለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ላይ እንቅስቃሴን ሲመክር የወገብ ቀበቶን ግን አይመክርም፣ ሐኪማችሁ ለይቶ ካላዘዘ ብራችሁን ያዙ። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ የባንድ ጉዳይ አይደለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ሌላው የሚያናድደኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 7:00 ይላል፣ እማዬ "ይሄ ሰዓት አብዷል" ብላ ስልኳን ታያለች፣ በኛ አቆጣጠር የሚያደርግ ነገር አፑ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ቻርጁ አሪፍ ነው፣ መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋም አያሳስብም። የልብ ምቱን እሷም እኔም አናየውም። ስትገዙ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ መሆኑን ራሳቸው ያለመነጽር አይተው ይሞክሩት፣ ማሰሪያውም በጨርቅ የሚቀየር ይሁን፣ የእማዬ ጎማ ነው፣ ሙቀት ሲሆን ያሳክካታል።