ኮከብ፣ ላቦራቶሪ ወይስ ጎረቤት? ባሕር ዳር ላይ የቤት ዕቃ ሲገዙ የማንን ምስክርነት ይመኑ?

እቁብ ደርሶት ወይም ጎጆ ሊወጣ ፍሪጅ ለመግዛት የተነሣ የባሕር ዳር ሰው ምክር ሳይዝ ሱቅ አይገባም። ስልኩ ላይ 4.7 ኮከብ ያለው ዕቃ አይቷል። ውጭ ያለች እህቱ «እዚህ አንደኛ የወጣው ይኼ ነው» ብላ ፎቶ ልካለታለች። ቡና ላይ ደግሞ «እሱን እንዳትገዛ፣ የእኛ ዓመት አልሞላውም» ተብሏል። ሦስቱም የተናገሩት ከልባቸው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠቁሙት ዕቃ ግን ለየቅል ነው። ብዙ ወር የተጠራቀመ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ አንዴ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ስንት መብራት ይበላል፣ ስንት ዲግሪ ያቀዘቅዛል፣ ምን ያህል ይጮኻል የሚለውን፣ ማለትም በመሣሪያ የሚለካውን ነገር፣ ለገለልተኛ ላቦራቶሪ እተወዋለሁ። መብራት እየሄደ እየመጣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲበላሽስ መለዋወጫ ይገኛል ወይ የሚለውን ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ በዕቃው እንጀራውን የሚበላ ሰው ይመልስልኝ። የኢንተርኔት ኮከብ የሚረዳኝ የማይሆነውን ለመጣል እንጂ የሚሆነውን ለመምረጥ አይደለም።

ኮከቡን የሚሰጠው ማን ነው?

የኮከብ ደረጃ አማካይ ቁጥር ነው፤ ድምፅ የሰጡት እነማን እንደሆኑ አይናገርም። ዕቃው በደረሰው ሳምንት የተደሰተ ይጽፋል፤ ተሰብሮ የደረሰውም ተናዶ ይጽፋል። ሦስት ዓመት በሰላም የተጠቀመበት ሰው ግን ተመልሶ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ኮከቡ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ስለ ማሸጊያው፣ ስለ አቅርቦቱና ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሦስት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ120 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ 1,272 ምርቶችን ወስደው የኢንተርኔት ገበያው የአማዞን ተጠቃሚዎች የሰጡትን አማካይ ኮከብ ዕቃ ከሚፈትነው ገለልተኛ ድርጅት ከኮንሱመር ሪፖርትስ የፈተና ውጤት ጋር አስተያይተው ነበር። ዝምድናው ደካማ ሆኖ አገኙት። ኮከቡ ወደ ውድ ዕቃና ወደ ታዋቂ ስም እንደሚያደላም አሳይተዋል። ብዙ የከፈለ ሰው ለምርጫው መከራከሩ በእኛም ሰፈር የታወቀ ነው።

ከዚህ ላይ የሐሰት ምስጋና ይጨመራል። አማዞን ራሱ የሐሰት አስተያየት የሚሸጡ ድረ ገጾችን መክሰስ የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካም የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ ያዋለችው በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚገዛ የአገራችን ሰው ጥንቃቄው ይብሳል፤ ገጹ የሻጩ ነው፣ ቅሬታ የጻፈውን የማጥፋት ሥልጣኑም የሻጩ ነው። «የደንበኞቻችን ምስክርነት» ተብሎ የሚለጠፈው የመልእክት ፎቶ በእኔ ዘንድ ማስታወቂያ ነው፤ ከዚያ በላይ ክብደት አልሰጠውም።

ታዲያ ኮከቡን ጨርሶ ይተዉት? አይደለም። አምስት ኮከብና አንድ ኮከብ የሰጡትን አልፈው ሁለትና ሦስት የሰጡትን ያንብቡ፤ እነዚህ ዕቃውን ተጠቅመውበት ጥሩውንም መጥፎውንም የለዩ ሰዎች ናቸው። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጉድለት እየደጋገሙ ካነሡ፣ ለምሳሌ «የበሩ ጎማ በስድስት ወሩ ላላ» ካሉ፣ ያንን ዕቃ ይተዉት። 12 ሰው 4.9 ከሰጠው ይልቅ 3,000 ሰው 4.4 የሰጠው ይሻላል። ከሁሉም በላይ ቀኑን ይመልከቱ፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ የጻፈ አንድ ሰው በሳምንቱ ከጻፉት ብዙዎች የበለጠ ይነግርዎታል።

ገለልተኛ ፈታኞች

የአሜሪካው ኮንሱመር ሪፖርትስ በ1936፣ የእንግሊዙ ዊች በ1957፣ የጀርመኑ ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙ ናቸው። የሚያስከብራቸው አሠራራቸው ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስና ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት የሚፈትኑትን ዕቃ ማንነታቸውን ሳይገልጹ እንደ ማንኛውም ገዢ ከገበያ ይገዛሉ፤ አምራቹ መርጦ በላከው ናሙና አይሠሩም። የአምራች ማስታወቂያም አይቀበሉም። ጀርመኖቹ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲፈትኑ ከ1,800 ጊዜ በላይ እያሽከረከሩ የአሥር ዓመት ያህል አገልግሎት ያሳልፉታል። ይህን ያህል የሚታገሥ ተራ ገዢ የለም።

እነሱም ይሳሳታሉ። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ኮንሱመር ሪፖርትስ ስለ ሕፃናት የመኪና መቀመጫ ያወጣውን ሪፖርት የግጭቱ ፍጥነት ካሰበው በእጅጉ በልጦ ስለተገኘ ወዲያው በይፋ ስቦታል። ስሕተቱን በይፋ የሚያነሣ ፈታኝ እምነቴን ይጨምረዋል። የኮከብ ሰብሳቢዎች ገጽ ላይ እንዲህ ያለ እርማት ማየት ብርቅ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እህትዎ ፎቶውን የላከችልዎት «አንደኛ» እዚህ ሱቅ ካለው ካርቶን ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ ላይሆን ይችላል። አምራቾች ለአውሮፓ፣ ለዱባይና ለአፍሪካ በአንድ ስም የተለያየ ሞዴል ይሠራሉ። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ በበሩ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይመልከቱ፤ ከጀርባ ወይም ከውስጥ በኩል ያለውን የሞዴል ቁጥር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። አንድ ፊደል ከተለየ ያነበቡት ውጤት የሌላ ዕቃ ውጤት ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ዕቃ ደግሞ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ የእኛን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚችል መሆኑ ሳይጣራ መጫን የለበትም። ላቦራቶሪ ውስጥ መብራቱ የተረጋጋ መሆኑንም አይርሱ። ማታ ዝቅ የሚል፣ ሄዶ ሲመጣ የሚዘል መብራት በውጤት ሠንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም።

ዕቃው ላይ የተለጠፈው ምልክት

ይህን ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከስልክ ኮከብ አስበልጠዋለሁ፤ በመስፈርት የተለካ ነውና።

በጣና ዳር ለምንኖር ዋነኛው በፍሪዘር በር ላይ የሚታተመው የኮከብ ምልክት ነው። ይህ ኮከብ ሙገሳ አይደለም፤ የሙቀት መጠን ነው። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። አራት ኮከብ ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ከመያዙ ሌላ አዲስ ምግብን በራሱ አቅም ያረጋል። ልዩነቱ ለዓሣ ትልቅ ነው። ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ ገዝተው ለጾም ሊያቆዩ ከሆነ አራቱን ኮከብ ይፈልጉ። ሦስት ኮከብ ያለው አስቀድሞ የረጋውን ለማቆየት ነው የተሠራው።

የአውሮፓው የመብራት ፍጆታ ወረቀት በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. መለወጡንም ይወቁ። የድሮው ወረቀት እስከ ሦስት የመደመር ምልክት የሚደርስ «ኤ» ነበረው። አዲሱ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ብቻ ነው፤ መስፈርቱም ስለጠበቀ ድሮ ባለ ሦስት መደመር የነበረ ፍሪጅ ዛሬ «ሲ» ወይም «ዲ» ቢባል አይገርምም። ያገለገለ ዕቃ ሻጭ በድሮው ወረቀት ሲያሳምንዎት ፊደሉን ትተው በዓመት የሚበላውን ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቁ። 200 የሚበላና 300 የሚበላ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፍሪጆች በአሥር ዓመት ውስጥ የ1,000 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት አላቸው። ይህን በሚከፍሉት ታሪፍ አባዝተው ከዋጋው ልዩነት ጋር ያስተያዩት።

ከፍሪጁ ውስጥ ወይም ከጀርባው በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የአየር ጠባይ ምድብ አለ። «ኤን» የተባለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ምጣድ በሚጣድበት ጠባብ ማድቤት ውስጥ ለሚቆም ፍሪጅ ከ«ኤን» ከፍ ያለውን እመርጣለሁ።

«ሲኢ» የሚለው ምልክት ግን ማዕረግ አይደለም። ለአብዛኛው የቤት ዕቃ አምራቹ የአውሮፓን መስፈርት አሟልቻለሁ ብሎ ራሱ የሚያትመው ነው። «አይኤስኦ 9001 ያገኘ» ሲባልም የተመሰከረለት የድርጅቱ አሠራር እንጂ እጅዎ ላይ ያለው ዕቃ አይደለም።

የከተማችን ፈታኞች

ጎረቤትዎ የእርስዎን መብራትና የእርስዎን ውሃ የሚጠቀም ሰው ነው፤ ይህ ጀርመን የሌለው ብልጫ ነው። ነገር ግን የሚያውቀው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የገዛውም ከዓመታት በፊት ከሆነ ያ ሞዴል ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ጥገና ሠራተኛው ደግሞ ብዙ ዕቃ ያያል፣ የሚያየው ግን የተበላሸውን ነው። ብዙ የተሸጠ ዕቃ ብዙ ጊዜ ደጁ ይመጣል፤ ይህ ማለት ቶሎ ይበላሻል ማለት አይደለም። ስለዚህ «የትኛው ይበላሻል?» ብለው አይጠይቁት። «የትኛው ሲበላሽ መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል? አዲስ አበባ የሚያስልከው የትኛው ነው?» ይበሉት። ለዚህ ከእሱ የተሻለ መላሽ የለም።

ከሁሉም በላይ የማምናቸው ግን በዕቃው የሚሠሩ ሰዎችን ነው። ጁስ ቤቱ አቮካዶና ማንጎ ሲፈጭ ይውላል፤ እኛ ቤት በዓመት የሚሠራውን መፍጫ እሱ በሳምንታት ውስጥ ይጨርሰዋል። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ፍሪዘራቸው መብራት በሄደ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ካልያዘ ኪሳራው የራሳቸው ነው። በሽምብጥም በዓባይ ማዶም እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች አሉ። እነዚህ ለማንም ኮሚሽን አይናገሩም። የሚጠቀሙበት ዕቃ ለንግድ ተብሎ የተሠራ ከባድ ዓይነት አለመሆኑን ብቻ ያጣሩ።

ዕቃ በዕቃ

ምጣድ። የውጭ ፈታኝ እዚህ ላይ የሚለው የለም፤ እንጀራ አያውቅምና። ኮከብም አይፈልጉ። የምትጋግር እናት ዘንድ ሄደው «ሊጡ ከዳር ሲበስል መሐሉ ይቀራል ወይ? ሽቦው ስንት ጊዜ ተቀየረ? ሸክላው ከተሟሸ በኋላ ሰነጠቀ ወይ?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ በኋላ የቤትዎን መስመር ይመልከቱ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይወስዳል፤ ይህ የብዙ ሶኬቶች የመጨረሻ አቅም ነው። በዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሰኩት። መጥፎ ምጣድ ተብሎ የሚታማው አንዳንዴ ጥፋቱ የቀጭን ሽቦ ነው።

ልብስ ማጠቢያ። እዚህ የላቦራቶሪው አሸናፊ ቤትዎ ሊሸነፍ ይችላል። ሙሉ አውቶማቲኩ ውሃ ራሱ የሚስብ በመሆኑ ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ መመሪያ ላይ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ዝቅተኛ ግፊት ተጽፎ ያገኛሉ። ውሃ አንድ ባር የሚሰጠው በ10 ሜትር ከፍታ ነው። ሮቶዎ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የሚያገኙት 0.3 ባር ነው፣ ማለትም ከድንበሩ ላይ። ቧንቧዎ በፈረቃ ለሚመጣ ቤት በባልዲ የሚሞላው ሰሚ አውቶማቲክ ውጤቱ ዝቅ ቢልም ይመረጣል።

ፍሪጅ። ፍጆታውን ከወረቀቱ፣ ሞዴሉን ከገለልተኛ ፈታኝ፣ መለዋወጫውን ከጥገና ሠራተኛው ይውሰዱ። የበጀቱን ጥቂት ለመከላከያ ያስቀሩ። መብራት ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚያበራ መከላከያ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ ሳይረጋጋ እንዳይነሣ ያደርገዋል፤ ከአንድ ኮከብ ልዩነት ይልቅ ዕድሜ የሚያስረዝመው ይህ ነው።

የግፊት ድስት። በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ገምጋሚ «ያለሱም ይቻላል» ሲል ቢያነቡ አይቀበሉት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽንብራና ባቄላ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ትንንሹን ሁሉ፣ ማንኪያውንም ሰሐኑንም፣ በዓይንዎና በእጅዎ መርጠው ይግዙ፤ ምርመራ አያስፈልገውም።

በሚገዙበት ቀን

ሱቁ ውስጥ ይሰኩት። ደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ቁጥር እንዲጻፍ ያድርጉ፤ «ኦርጅናል ነው» የሚል ቃል ብቻ ለክርክር አይሆንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ ዕቃውን ለበዓል ብለው በካርቶኑ አያቆዩት። ፍሪጁ ተኝቶ ከተጫነ አቁመው ጥቂት ሰዓታት ካሳለፉ በኋላ ያብሩትና በዓሣም በውሃም ሞልተው ይዩት። ማሽኑን በከባዱ ጋቢ ይጀምሩት፣ ምጣዱ ላይ ሙሉ ቡሆ ይጨርሱበት። ጉድለት ካለው በእነዚህ 15 ቀናት ውስጥ ይውጣ፤ ደረሰኙን ይዘው ወደ ሱቁ ይመለሱ።