የጅማዋ ፊልም መጫኛ ቤት እና የጆን ፒልጀር ፎልደር

ጅማ ውስጥ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ቤት ሞልቷል። ግን የቱርክ ተከታታይ፣ የህንድ ፊልም በትርጉም፣ አክሽን፤ በቃ ከዚያ አያልፉም። ፈረንጅ አራዳ በኩል ያለችው ጠባቧ ቤት ግን ለዶክመንተሪ ብቻ ፎልደር አላት። እዚያ ውስጥ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ በዓመት ተራ ተደርድሮ አገኘሁ፦ የጋዜጠኛውና ዶክመንተሪ ሠሪው ጆን ፒልጀር። ስለ ቤቷም እጽፋለሁ፣ የሚበዛው ግን ስለ ፎልደሩ ነው።

ሒሳቡ በጊጋ ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች በሰውየው ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚታዩ ናቸው፤ ስለዚህ የምትከፍሉት ለማውረጃው ዳታና ለልጁ ድካም ነው። በሞባይል ዳታ የአንድ ሰዓት ፊልም ለማውረድ የታገለ ሰው ዋጋው ላይ አይከራከርም። ልጁ ጨዋ ነው፣ “ጋሼ፣ ፍላሹ ቫይረስ አለበት፣ ላጽዳልህ?” ይላል፣ ለማጽዳቱም አያስከፍልም።

ወደ ሰውየው። ፒልጀር አውስትራሊያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲድኒ ተወለደ፣ በ2023 መጨረሻ ለንደን ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ። ለእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ለረጅም ዓመታት ጽፏል። የመጀመሪያ ፊልሙ የ1970ው የቬትናም ፊልም ነው። መዋጋት የሰለቻቸውን፣ አለቆቻቸውን አልሰማም ያሉ የአሜሪካ ወታደሮችን ያሳያል። ለንደን የነበረው የአሜሪካ አምባሳደር በጣም ተናዶ ለብሮድካስት ተቆጣጣሪው አቤት ብሏል። አጭር ነች፣ ከእሷ ጀምሩ።

ዋናው ግን የ1979ኙ የካምቦዲያ ፊልም ነው። አገሪቱን ሲጨፈጭፉ የኖሩት ኮሙኒስቶቹ ክመር ሩዦች ገና መባረራቸው ነው፣ ፕኖም ፔን ባዶ ከተማ ሆናለች፣ ሕፃናት ቀላል መድኃኒት አጥተው ይሞታሉ። ሌላ ጋዜጠኛ ቢሆን እዚያ ላይ ለቅሶውን ቀርጾ ይመለስ ነበር። ፒልጀር ግን ርዳታው ለምን አልመጣም ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ይነግራችኋል፦ ነፃ ያወጣቻቸው ቬትናም ስለሆነች ምዕራባውያን መንግሥታት እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊልሙን ያየ ተራ ሰው ግን ሳይለመን ገንዘቡን ላከ፤ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ከዚያ ያኔ ኢንዶኔዥያ ወርራ ይዛት የነበረችው ምሥራቅ ቲሞር። በ1993 የጉዞ ወኪል መስሎ፣ ካሜራ ደብቆ ገባ። ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ጭካኔው የሚታይበት ቦታ አይደለም፣ አንድ ቃለ መጠይቅ ነው። የቀድሞ የእንግሊዝ ሚኒስትር አላን ክላርክ ተቀምጧል። ፒልጀር ለኢንዶኔዥያ የሸጣችሁት መሣሪያ ይህን ሁሉ ሰው ሲፈጅ አላሳሰበህም ወይ ይለዋል፤ ሰውየው ቅንጣት ታህል እንዳላሳሰበው ይመልሳል። ፒልጀር አይጮህበትም፣ አያፋጥጠውም፣ ዝም ብሎ ያስጨርሰዋል። ጋዜጠኝነት የምትማሩ ልጆች ይቺን ደጋግማችሁ እዩ።

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስላሉት የቻጎስ ደሴቶች የሠራው የ2004ቱ ፊልምም አለ። እንግሊዝ ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ብላ ሕዝቡን ነቅላ ሞሪሸስና ሲሼልስ ላይ ስትጥለው። ውሾቻቸውን ሳይቀር በጋዝ ገደሏቸው። አንጀት ይበላል።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩት። ሰውየው ወገን ይዞ ነው የሚሠራው፣ ይህንንም አይደብቅም፤ ግን ወገን የያዘ ሰው የሚፈልገው ታሪክ ሲቀርብለት ቶሎ ያምናል። በ1982 ታይላንድ ውስጥ ባሪያ የተደረገች ልጅ ገዝቼ ነፃ አወጣሁ ብሎ ጻፈ። ሌሎች ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ልጅቷ ባሪያ ሆና አታውቅም፤ ተቀነባብሮ የቀረበለት ነገር ነበር። የኋለኞቹ ፊልሞቹ ላይም ከማሳየት ይልቅ መስበክ ይበዛል። የ2016ቱን የቻይና ፊልም ግማሹ ላይ ሰለቸኝ።

እኛ አገር ሰዎች ለዚህ እንግዳ አይደለንም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀረጸ፣ ዓለም ደነገጠ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየን፣ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። መቀሱ ግን የማን እጅ እንደነበር አይዘነጋም። ፒልጀርንም እንደዚያ እያሰባችሁ እዩት።

ወደ ቤቷ ልመለስ። የግርጌ ጽሑፍ የለም፣ የአማርኛ ትርጉም ጭራሽ አታስቡት፤ ደግነቱ ሰውየው ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ሁለት ፋይሎች ስማቸው ተቀያይሯል። አንዱ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ስነግረው ልጁ ያለ ክፍያ ሌላ ጫነልኝ። መብራት ከሄደ ሥራ የለም፣ ጄኔሬተርም አልገዙም። ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሚበዛ ከሰዓት ሂዱ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ፋይል መሃሉንና መጨረሻውን አስከፍታችሁ እዩ።