ፖቴንሻል ዲፈረንስ ላስቸገራችሁ፣ ይቺን ሲሙሌሽን ሞክሯት

ፊዚክስ የምትማሩም የምታስጠኑም ካላችሁ ፖቴንሻል ዲፈረንስን (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት) በአይን የምታሳይ "ቻርጅስ ኤንድ ፊልድስ" የምትባል ሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሰራ ሙከራ፣ ልጠቁማችሁ። የፌት ስራ ናት፤ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመረው ፕሮጀክት ማለት ነው። በነፃ ናት። ስልክ ላይም ትከፈታለች፣ አንዴ ካወረዳችኋት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ትሰራለች፤ ዳታ እየቆጠበ ለሚያጠና ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀይዋን የ1 ናኖኩሎም ቻርጅ ከታች ካለው ሳጥን ጎትታችሁ መሃል ላይ አስቀምጡ። የርቀት መለኪያ ሜትሩንና የቮልቴጅ መለኪያውን አውጡ። ከቻርጁ 1 ሜትር ርቀት ላይ መለኪያው 9 ቮልት ገደማ ያነባል፤ የዚያ ነጥብ ፖቴንሻል ማለት ይሄ ነው። 2 ሜትር ላይ 4.5፣ 3 ሜትር ላይ 3። አሁን ልብ በሉ፦ ከ1 ወደ 2 ሜትር ልዩነቱ 4.5 ቮልት ነው፣ ከ2 ወደ 3 ግን 1.5 ብቻ። ሁለቱም ጋ የሄዳችሁት ያው 1 ሜትር ነው!

ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚችው ጋ ነው። ርቀቶቹን አስቀድሞ ይቀናንስና 9ን ለ1 አካፍሎ "9 ቮልት" ብሎ ያልፋል። የእያንዳንዱን ነጥብ ፖቴንሻል ለብቻው ማውጣት (ኬ የሚባለው የኩሎም ቋሚ ቁጥር ሲባዛ በቻርጁ፣ እዚህ 9 ይሆናል፣ ሲካፈል ለርቀቱ)፣ መቀነሱ ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን አስተማሪ መቶ ጊዜ ቢናገረው የማይገባው ልጅ እዚህ ቁጥሩን በአይኑ ሲያየው ወዲያው ይገባዋል።

ሰማያዊዋን ኔጌቲቭ ቻርጅም ሞክሩ፤ 1 ሜትር ላይ −9፣ 2 ሜትር ላይ −4.5፣ ስለዚህ ስትርቁ ፖቴንሻሉ በ4.5 ይጨምራል። በምልክት ለሚምታታባችሁ ፍቱን ነው። መለኪያው ላይ ያለችውን እርሳስ ስትነኩ ደግሞ በቻርጁ ዙሪያ ክብ ትሰራለች። ክቡ ላይ የትኞቹንም ሁለት ነጥቦች ብትመርጡ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ቢሆን እንኳን፣ ልዩነታቸው ዜሮ ነው።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። የቮልቴጅ መለኪያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ነጥብ ባንዴ አታነቡም፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ላይ መያዝ ግድ ነው። የቻርጁን መጠንም መቀየር አይቻልም፤ 3 ናኖኩሎም ከፈለጋችሁ ሦስቱን አንድ ቦታ ላይ መደራረብ ነው። ትንሽ ስልክ ላይ ደግሞ መለኪያውን ልክ የፈለጋችሁት ነጥብ ላይ ማሳረፍ ያታክታል፣ ኮምፒውተር ካገኛችሁ በሱ ክፈቱት። ብቻ መጀመሪያ በእጃችሁ ስሩ፣ መልሱን ጻፉ፣ መለኪያውን ከዚያ በኋላ አውጡት።