ወንድሜን ሳልከስ ዳኛ ፊት ያቆመችኝ ጠበቃ

እግዜር ይስጣት! ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ያላችሁ ሐበሾች ስሙኝ። በተለይ በወላጅ ቤት የተነሳ ከእህት ከወንድማችሁ ጋር ስልክ መነሳሳት ያቆማችሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብልህ ሰው ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውርስ በፕሮቤት፣ ማለትም ፍርድ ቤት ውርስ በሚያጣራበት ሂደት፣ ሲያልፍ የጠበቃው ክፍያ ብቻ ከመጀመሪያው 100 ሺህ ዶላር 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100 ሺህ 3 በመቶ እያለ እንደሚሄድ ሰምቶ ቤቱን ትረስት ውስጥ (ንብረት ያለ ፕሮቤት ለወራሾች በሚተላለፍበት ውል) አስገባው። ታላቅ ስለሆንኩ ትረስቲ፣ ማለትም የትረስቱ አስተዳዳሪ፣ ያደረገው እኔን ነው። ወረቀቱ ቤቱ ለሦስታችን እኩል ነው ይላል። መቼ ይሸጥ፣ ማን ይኑርበት የሚል ነገር የለውም። አባዬ የምንጣላ አልመሰለውም።

ታናሽ ወንድሜ እዚያው ቤት ይኖራል፤ አባታችንን ያስታመመውም እሱ ነው። ኪራይ አይከፍልም። ዳላስ ያለችው እህቴ «ሽጪና ድርሻዬን ስጪኝ» ትላለች። እሱ ደግሞ «እኔ ከወጣሁ የቤቱ ታክስ ይንራል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከ2021 ወዲህ የወላጅ ቤት በድሮው የታክስ ግምት የሚቀጥለው ልጅ ራሱ ሲኖርበት ነው። ለአንዱ ባደላ ሌላው ሊከሰኝ ይችላል። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹም ለሁለት ተከፈሉ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጠበቃ ቅድሚያ ክፍያውን ተቀበለና መላው አንድ ብቻ ሆነ፤ ወንድምሽን እናስወጣው። ያስታመመውን ልጅ! «ኢሜይልሽ ደርሶኛል» ላለኝ እንኳ የክፍያ ሂሳብ ልኮልኛል። ሌላው ጠበቃም አይደለም፣ ወረቀት እሞላለሁ ባይ ነው። «ዝም ብለሽ ሽጪው፣ ኋላ ይስማማሉ» አለኝ። ቤት የሚያሻሽጥ ዘመድ እንዳለው የሰማሁት በኋላ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ቂሜ ግን ገና አልወጣልኝም።

ይቺን የማመሰግናትን ጠበቃ ያገኘኋት ፌርፋክስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ ጠቁማኝ ነው። ደረሰኞቼን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ሰማችኝና «ለምን ዳኛውን አትጠይቂም?» አለችኝ። ለካ ትረስቲ የሆነ ሰው ግራ ሲገባው ፍርድ ቤቱን «ምን ላድርግ? መመሪያ ስጡኝ» ማለት ይችላል። የካሊፎርኒያ ፕሮቤት ሕግ አንቀጽ 17200 ነው። እኔ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዝኩት፣ የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።

ማመልከቻውን አስገባን። ማስታወቂያው ለእህቴና ለወንድሜ ከቀጠሮው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መላክ ነበረበት። ይሄኔ አብራኝ የምትኖረው አክስቴ «ወንድሟን ከሰሰች» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። እህል አልቀምስም አለች። ጠበቃዬ ይህን ስትሰማ ከሥራ በኋላ ቤታችን መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በርጩማ ስባ አክስቴ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ዳኛው ምን እንድናደርግ እንዲነግሩን ነው የጠየቅነው። ሦስቱም ሐሳባቸውን ይናገራሉ።»

«እና ማን ይታሰራል?»

«ማንም አይታሰርም፣ እማማ።»

ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አነበበችላት። ወንድሜ አባታችንን ማስታመሙ የተጻፈበት ጋ ስትደርስ አክስቴ «ይሄንንም ጽፋችኋል?» አለች። ነጠላዋን አቃናች። «ቡና ይፈላላት እንጂ!» ብላ እኔን ተቆጣችኝ። ጠበቃዬ ለዚያ ምሽት ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

ዳውንታውን፣ ስታንሊ ሞስክ ፍርድ ቤት ቀረብን። ቤቱ በገለልተኛ ገማች እንዲገመት፣ ወንድሜ በግምቱ መግዛት ከቻለ ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ በተሰጠው ጊዜ ካልገዛ እንድሸጠው ታዘዝኩ። እሱ ተበድሮ ገዛ፣ እህቴም ድርሻዋን ወሰደች። ሁለቱ እርስ በርስ ገና አይነጋገሩም። እኔ ስደውል ግን ሁለቱም ያነሱልኛል።

ሐበሻ ትረስቲዎች፣ እባካችሁ በራሳችሁ ውሳኔ ከመሸጣችሁ ወይም ሰው ከማስወጣታችሁ በፊት እሷን አማክሩ። ጎበዝ ናት፣ ታጋሽ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልክላችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ብቻ አትደውሉላት፣ ቅዳሴ ላይ ናት።