ሶስት ትውልድ አንድ መዝገብ፦ የእናቴን ቀለበት ላዳኑልኝ ወርቅ ሰሪዎች

ይሄን ፖስት ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ነበር። ሰው ሲበደል ቶሎ ይጽፋል፣ መልካም ሲደረግለት ግን "በኋላ እጽፈዋለሁ" ይልና እዛው ይቀራል። እኔ እንዲቀር ስላልፈለግኩ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ። ረዘም ይላል፣ ግን መሳቢያ ውስጥ የተሰበረ ወርቅ ያላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የእናቴ ቀለበት ነው። አባቴ ያሰረላት ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት፣ ከጣቷ ወልቆ አያውቅም ማለት ይቻላል። ከጊዜ በኋላ ጣቷ ሲያብጥ ጠበባትና ላሰፋላት ብዬ አንድ ቦታ ወሰድኩት፣ የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። በማግስቱ ሰርተው ሰጡኝ፣ እኔም ፍጥነታቸውን አይቼ ደስ አለኝ። አራት ወር ሳይሞላው በተበየደበት በኩል ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ደሞ ስብራቱ ዙሪያ ግራጫ ሆኖ ጠቆረ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ በመሀረብ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። እሱ ነው ያመመኝ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ የስራ ባልደረባዬ ናት "እኛ ቤት ከአያቴ ጀምሮ እነሱ ጋ ነው ምንሄደው" ብላ ወደዚህ ቤተሰብ የላከችኝ። ስገባ ብዙ ወርቅ የተደረደረበት፣ መብራት የሚያብረቀርቅበት ነገር የለም። አንድ በኔ እድሜ የምትሆን ሴት ማጉያ መነጽር ግንባሯ ላይ አድርጋ የስራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ አባቷ ወንበር ላይ ሆነው ያያሉ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ሰላም ብያቸው ወዲያው "አቅልጣችሁ ሌላ ስሩልኝ" አልኩ። እሷ ደሞ ረጋ ብላ "እህቴ፣ ማቅለጥ መቼም ይደረሳል፣ መጀመሪያ እንየው" አለችኝ።

ከዛ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መመዘን ነው። ሚዛኑን ወደኔ አዙራ፣ 3.82 ግራም፣ ደብተር ላይ ጻፈችው፣ ለኔም በወረቀት ሰጠችኝ። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል ግን በፊት የወሰድኩበት ቦታ ማንም ከፊቴ አልመዘነልኝም፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ቀጥላ ውስጡን አየችና 750 የሚል ማህተም አሳየችኝ። ከ1000 ክፍል 750ው ንጹህ ወርቅ ነው ማለት ነው፣ 18 ካራት የምንለው እሱ ነው፣ 21 ካራት ከሆነ 875 ይላል፣ 14 ከሆነ ደሞ 585። ማህተሙን ግን ዝም ብላ አላመነችውም፣ ጥቁሩ የመፈተኛ ድንጋይ ላይ ትንሽ አሽታ አሲድ ጠብ አድርጋበት ቀለሙን አየች። ትክክል ነው አለች።

ግራጫው ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ተቀየረ። በወርቅ መበየጃ ሳይሆን በእርሳስና ቆርቆሮ ነው የበየዱት። የወርቅ መበየጃ እራሱ ወርቅ ያለበት ቅልቅል ነው፣ ከቀለበቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲቀልጥ ተደርጎ የሚሰራ፣ ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል፣ እጅ ይፈልጋል። እርሳስና ቆርቆሮው ደሞ 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ግን አይዝም። የባሰው ደሞ አንድ ሌላ ሰው ሳያይ በእሳት ልጠግነው ቢል የሚመጣው ነው። "እርሳሱ እንዳለ እሳት ብነካው ወርቁ ውስጥ ይገባና ይበላዋል፣ ወንፊት ነው ሚያደርገው" አለችኝ። ስለዚህ አንድም ሳይቀር ተፍቆ፣ የተበላሸው ቦታ ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ፈርጡን ስታየው ቆየች። አገላበጠችው፣ ብርሃን ስር አደረገችው፣ ከዛ "አባዬ እስቲ እይልኝ" ብላ ለአባቷ ሰጠቻቸው። ሁለቱ ተያዩ። አባቷ ናቸው የነገሩኝ፣ "ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ሰው ሰራሽ ሩቢ ነው፣ መስታወት እንዳይመስልሽ፣ ጥንካሬውም ቅመሙም እንደ ተፈጥሮው ነው፣ ግን ከመሬት የወጣ አይደለም" አሉኝ። በማጉያ ውስጡን እንዳይም አደረጉ፣ እንደ ቀስት ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ የተፈጥሮው ከሆነ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ነው የሚሆኑት። ቬርኑይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው ዱቄቱን በነበልባል እያቀለጠ ጠብታ በጠብታ ሩቢ የሚያሳድግበትን ዘዴ በ1902 (በፈረንጅ) ይፋ ያደረገው፣ ከዛ በኋላ በየቦታው ተሰራጭቷል። ዝም ብለው "ሩቢ ነው" ቢሉኝ እኮ አላውቅም ነበር፣ "ውድ ድንጋይ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል" ብለው ዋጋ ቢጨምሩብኝም እከፍል ነበር። ለማያውቅ ሰው እውነቱን መንገር ለነሱ ምንም ትርፍ የለውም፣ ግን ነገሩኝ። ቤት ሄጄ ለእናቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሲጨንቀኝ ቆየሁ፣ ስነግራት "እኔ መች ዋጋውን ጠየቅኩሽ፣ ቀለበቴን አምጪልኝ" ብቻ ነው ያለችኝ።

እርሳሱን ስትፍቅ ወደ ሁለት ሰአት ያህል አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እናም የቤተሰቡን ታሪክ በወሬ በወሬ ሰማሁ። የጀመሩት አያቷ ናቸው። አያቷ የወርቅ ሰሪ ልጅ አልነበሩም፣ በልጅነታቸው ሰው ጋ ወናፍ ለመንፋት ተቀጥረው ነው የገቡት፣ ብዙ አመት መዳብና ናስ ሲሞርዱ ኖረው ነው ወርቅ የተሰጣቸው። ያሰለጠኗቸው ሰውዬ ልጅ ስላልነበራቸው ሲደክሙ ጠረጴዛውንም መሳሪያውንም ለሳቸው አስረከቡ። አያቷ ደሞ አንድ ነገር ጨመሩ፣ መዝገብ። የገባውን እቃ ሁሉ፣ ስንት ግራም፣ ስንት ካራት፣ ምን አይነት ፈርጥ፣ የማን፣ ሲወጣስ ስንት ግራም። መጻፍ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ፊደሉ ትልልቅና ጎባጣ ነው፣ አሳይተውኛል፣ አይቼው እንባዬ መጣ።

አንድ በጣም የወደድኩት ታሪክ አለ። አያቷ ሱቁን ሲቀይሩ የድሮውን ቤት የእንጨት ወለል አስነቅለው አቃጠሉት። ሰው አበዱ አለ። እሳቸው ግን አመዱን ሰብስበው አጥበው አንጥረው ስንት አመት ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን የወርቅ ብናኝ አወጡት። ይሄ በወርቅ ሰሪዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው አሉ፣ ድሮ ሁሉም ያደርገው ነበር። አሁንም ጠረጴዛው ስር ቆዳ የተወጠረው ለዚህ ነው፣ ሲሞረድ የሚረግፈው እዛ ላይ ይጠራቀማል፣ እጅ የታጠቡበት ውሃ እንኳን ዝም ብሎ አይደፋም።

አያቷ ሲሞቱ ነው ቤቱ ሊፈርስ የነበረው። ሁለት ወንድ ልጆች ናቸው፣ ታላቁ ሽጠን እንካፈል አሉ፣ አባቷ ደሞ መቀጠል ፈለጉ። ተጣልተው ሳይሆን ተነጋግረው፣ አባቷ የወንድማቸውን ድርሻ በአመታት ከፍለው ጨረሱ፣ ያኔ እጃቸው ላይ የቀረው መሳሪያውና መዝገቡ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ወርቅ ስላልነበራቸው አዲስ መስራት ትተው ጥገና ላይ አተኮሩ፣ እና ጥገና ቤት ሆነው የቀሩት ከዛ በኋላ ነው።

ከዛ ቀን በኋላ ማታ ማታ ስለ ወርቅ ሰሪ ቤተሰቦች ማንበብ ጀመርኩ። አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ካርቲዬ የሚባለውን የፈረንሳይ ጌጣጌጥ ቤት ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የጀመረው ልክ እንደ ልጅቷ አያት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፣ ሉዊ ፍራንሷ ካርቲዬ በ1847 ፓሪስ ውስጥ የአሰሪውን የፒካርን ወርክሾፕ ተረክቦ ነው የገባበት። ልጁ አልፍሬድ ቀጠለ፣ ከዛ ሶስቱ የልጅ ልጆች ፓሪስ፣ ለንደንና ኒውዮርክን ተካፍለው አለም አቀፍ አደረጉት። ኒውዮርክ ያለውን ህንጻ በ1917 ያገኙት በ100 ዶላርና ያኔ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሚገመት የተፈጥሮ ሉል ሀብል ለውጠው ነው። ከዛ ጃፓኖች ሉል ማርባት ሲችሉ ዋጋው ወደቀ፣ ያ ሀብል በ1957 ጨረታ ላይ 151 ሺ ዶላር ብቻ ነው ያወጣው። ይሄን ሳነብ የእናቴን ፈርጥ አሰብኩ፣ የድንጋይ ዋጋ እንዲህ ከሆነ የኔ ጭንቀት ምን ሊረባ። በወንድማማቾቹ ልጆች ጊዜ ደሞ ቤቱ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ተሽጦ ተሽጦ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ወንድማማቾች ድርሻ የሚካፈሉበት ሰአት ነው አደገኛው፣ የልጅቷ አባትም በደህና የተሻገሩት እሱን ነው።

ፋበርዤ የሚባሉት የሩሲያ ወርቅ ሰሪዎች የባሰ ነው የሚያሳዝኑት። አባትየው ጉስታቭ በ1842 ሴንት ፒተርስበርግ ከፈተ፣ ልጁ ካርል ተረከበ፣ ለሩሲያ ነገስታት ከ1885 ጀምሮ በወርቅና በፈርጥ ያጌጠ 50 የፋሲካ እንቁላል ሰሩ፣ ከአብዮቱ በኋላ ቦልሼቪኮች ወረሱትና ካርል በ1920 ስደት ላይ ስዊዘርላንድ ሞተ። ከዛ አሜሪካ ውስጥ አንድ ነጋዴ ስማቸውን ሽቶ ላይ ለጠፈው፣ ቤተሰቡ ተከራክሮ መጨረሻ ላይ በ25 ሺ ዶላር ነው ስሙን የለቀቀው። ሜሌሪዮ የሚባሉት ደሞ ከጣሊያን ፓሪስ የሄዱ ቤተሰቦች ናቸው፣ ከ1613 ጀምሮ እስካሁን በዛው ቤተሰብ እጅ ነው። ከ400 አመት በላይ! ለልጅቷ ስነግራት ሳቀችና "እኛ ገና ነን" አለችኝ፣ አባቷ ግን አልሳቁም፣ "እነሱም መዝገብ ይይዛሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

ስለሷ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ወርቅ ሰሪ ናት። አያቷ ሙያውን ለሴት አላስተማሩም፣ አባቷም መጀመሪያ ወንድሟን ነበር ያሰቡት፣ እሱ ሌላ መንገድ መረጠ። እሷ አካውንቲንግ ተምራ ስትሰራ ቆይታ የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጣች። አባቷ አላዘኑላትም፣ አንድ አመት ሙሉ መዳብ አስሞረዷት። ዛሬ ሌዘር መበየጃ (በጨረር የሚበይድ ማሽን) ገዝታ ፈርጥ ሳይወልቅ፣ ጎኑ ያለው ሳይሞቅ ትበይዳለች፣ የእያንዳንዱን እቃ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጣለች፣ ግን መዝገቡ ላይም በእጇ ትጽፋለች። ሶስት የእጅ ጽሁፍ ማለት ነው። አባቷ ደሞ አይን ቢደክማቸውም ያለቀውን ስራ ሁሉ ይቀበላሉ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለበቱ ውስጥ እያዞሩ ብየዳው በጥፍር ከተሰማቸው "እንደገና" ይላሉ። የኔን ሁለቴ መልሰውባታል፣ አንድም ጊዜ አላኮረፈችም።

ስረከብ ሂሳቡን እንዲህ አድርጋ አሳየችኝ። ተቆርጦ የወጣው 0.41 ግራም፣ የተጨመረው 18 ካራት 0.70፣ በሞረድ የሄደው 0.05፣ አሁን ያለው 4.06። የተቆረጠውን በትንሽ ወረቀት ጠቅልላ መለሰችልኝ፣ ያንቺ ነው ብላ። ያስከፈሉኝ የጨመሩትን ወርቅና የእጃቸውን ብቻ ነው። ፈርጡን የሚይዙት ጥርሶችም ስለሳሱ ጠንክረው መጡ፣ በአመት አንዴ አሳዩን፣ ጥርስ ሲሳሳ ሳይታወቅ ነው ድንጋይ የሚወድቀው አሉኝ።

ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት እነሱ ስለጠየቁኝ ነው፣ በአንዴ ብዙ ሰው ከመጣ ስራው ይበላሻል ብለው ይፈራሉ። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ግን ለነገ አድርሱልኝ እንዳትሏቸው፣ የኔ 11 ቀን ፈጅቷል። ስትሄዱ የተሰበረውን ቁራጭ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዷን የጆሮ ጌጥ ጠፍታ የቀረችዋንም አትጣሉ፣ እነሱ ከቀረችው አይተው ጓደኛዋን ይሰሩላችኋል። እና የትም ብትሄዱ፣ እነሱ ጋ ባይሆንም፣ ሚዛኑን ወደናንተ አዙረው እንዲመዝኑላችሁ ጠይቁ፣ ምን አይነት መበየጃ እንደሚጠቀሙም ጠይቁ።

እናቴ ቀለበቱን ካደረገችው 14ኛ ቀኗ ነው። ትናንት ሳህን ስታጥብ አየኋት፣ አላወለቀችውም። እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።