«ጄራኒየም» የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ እንዳትከፍሉ

ለዓመታት የሚቆይ የጄራኒየም አበባ ኦንላይን ልታዝዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። እኔ ስድስት ችግኝ ገዝቼ ገንዘቤን ውሃ በልቶታል።

ማስታወቂያው «ውርጭ የማይበግረው፣ አንዴ ተተክሎ በየዓመቱ የሚያብብ» ይላል። ፎቶው ላይ ያለው አበባ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ፣ መሃሉ ነጣ ያለ። ካርቶኑን ስከፍተው ግን ግንዱ ትንሿን ጣቴን ያክላል፣ ውሃ የቋጠረ ነው፤ ቅጠሉም ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለበት አለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ «ሲያድግ ይለወጥ ይሆናል» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሲያብብ ቀይ ሆኖ አረፈው። የመጀመሪያው ውርጭ በመታው ማግስት ስድስቱም የፈላ ውሃ የተደፋባቸው መስለው ጠቁረው ተኝተዋል።

ሻጩን ብጠይቀው «ውሃ አብዝተውበት ይሆናል» አለኝ። ፎቶ ስልክለት ደግሞ «ጄራኒየም ብለን ሸጥን፣ የደረሰዎትም ጄራኒየም ነው!»

ሽወዳው እዚህ ጋ ነው። የላከልኝ ፔላርጎኒየም የሚባል ሌላ ተክል ነው። አብዛኛው ዝርያው የደቡባዊ አፍሪካ ተወላጅ ስለሆነ ውርጭ አይችልም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱንም ጄራኒየም ብሎ መደባቸው፤ ሌሪቲየ የተባለው ፈረንሳዊ በ1789 ለያያቸው፤ ገበያው ግን ዛሬም በድሮው ስም ይጠራቸዋል። ፔላርጎኒየም መጥፎ ተክል አይደለም፣ እንዲያውም ለበረንዳ እወደዋለሁ። ያናደደኝ በሌላ ተክል ፎቶ መሸጡ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የእውነተኛው ጄራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎች በቅርጽም በመጠንም እኩል ናቸው። በፔላርጎኒየም ላይ የላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስቱ ይለያሉ። አበባው ድርብርብ ከሆነ ይህ አይታይምና ግንዱን እዩ፦ የጄራኒየም ቀጭን ነው፣ አብዛኛውም የብርዱ ወራት ሲገባ እስከ መሬት ይደርቃል። በጠረን ለመለየት አትሞክሩ፤ ሁለቱም ውስጥ ቅጠላቸው የሚሸት አሉ። ሻጩን ሙሉውን ሳይንሳዊ ስም ጠይቁት፤ «ጄራኒየም ሳንጉኒየም» ወይም «ጄራኒየም ማክሮራይዙም» ካለ ጥሩ። «ጄራኒየም ነው አልኩ እኮ» ካለ ተዉት።

ሌላ የባሰ ነገር አለ፤ «የሮዛን ዘር» በፓኬት። ማስታወቂያው ፎቶ ላይ ያየኋት ያቺ ሰማያዊ ሮዛን የምትባል የጄራኒየም ዓይነት ናት፣ ተክሏ ግን መካን ናት፤ ዘር አትሰጥም። የምትባዛው ከራሷ ከተክሏ ተከፍላ ነው። ስለዚህ በፓኬቱ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ሮዛን አይደለም። «ጆንሰንስ ብሉ» የሚባለው ሌላው የጄራኒየም ዓይነትም እንዲሁ መካን ነው።

ለሻጮችም ፍትሐዊ ልሁን፦ በብርዱ ወራት የደረቀ የሚመስል ችግኝ ቢደርሳችሁ ቶሎ «ተጭበረበርኩ» አትበሉ። አፈሩን ገለጥ አድርጉት። ሥሩ ጠንካራ ከሆነና ጫፉ ላይ እንቡጥ ካለ ተኝቶ ነው፣ ሲሞቅ ይነሳል። ሥሩ ሲጫኑት የሚሟሽሽ ከሆነ ግን ያኔውኑ ፎቶ አንሱና መልሱ።

እኔ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጠይቄ የተላከልኝ ከዚያው ሱቅ በቅናሽ መግዣ ኩፖን ነው። የሚያገለግለውም «ለጄራኒየም ብቻ» ነው አሉኝ።